ስለ ሁለቱ ዳፍንቶች፤ ከምግብ ጉድለት ስለሚመጣውና ከዘር ስለሚወረሰው

ተማሪ ፊደል የሚለየው፥ መጽሐፍ የሚያነበው፥ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን የሚከተለው በዓይኑ ነው። ስለዚህ የተማሪን ዓይን መጠበቅ የወላጅና የሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን የመምህርም ሥራ ነው። ነገር ግን ከዓይን ሕመሞች አንዳንዶቹ በግልጥ አይታዩም። ዓይኑ የቀላ፥ ያበጠ ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ ዓይኑ ንጹሕና ያማረ ሆኖ ሳለ የማያይ ልጅ ግን ማንም ሳያውቅለት ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ባሉት ከተሞች አጠገብ፥ ይኸውም በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱ፥ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ከብት የሚያስገባው፥ ውኃ የሚቀዳው፥ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ በዚያች አጭር ሰዓት ይቸኩላል። በዚህ ጊዜ አንዱ ልጅ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ በሩን ሲፈልግ ግድግዳ ይዳስሳል፤ ከፊቱ የተቀመጠውን ዕቃ ረግጦ ያፈስሳል። በቀን ግን ያው ልጅ እንደ ሌላው ይሮጣል፥ ይጫወታል። ስለዚህ የቤት ሰዎች ሰነፍ ነው፥ ሥራ ጠልቶ ነው እያሉ ይቈጡታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይመቱታል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ዳፍንት ይዞታል እንጂ።

ዳፍንት ማለት በቀን እያዩ በማታ ወይም ብርሃን ባነሰበት ስፍራ ማየት አለመቻል ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከምግብ ጉድለት የሚመጣ ሲሆን፥ በጊዜው ከታከመ በጥቂት ቀን ይድናል። ሁለተኛው ከአባትና ከእናት በዘር የሚወረስ ሲሆን በምግብ አይድንም። ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ሁለት ጉዳት ያመጣል። በቀላሉ ሊድን የሚችለው ልጅ ሳይታከም ይታወራል፤ በምግብ የማይድነው ደግሞ መድኃኒት ፍለጋ ከቤት ወደ ቤት ሲንከራተት የትምህርቱ ዘመን ያልፍበታል።

ዓይን በጨለማ እንዴት ያያል

ብርሃን በዓይን ብሌን በኩል ገብቶ በዓይን ውስጥ በስተኋላ የተዘረጋውን ስስ መጋረጃ ይመታል። ይህ መጋረጃ ሬቲና ይባላል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ብርሃን የሚቀበሉ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕዋሳት አሉበት። ሕዋስ ማለት ሰውነት ሁሉ የተሠራበት፥ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታይ ጥቃቅን ክፍል ነው። እነዚህ የሬቲና ሕዋሳት በመልካቸው ሁለት ወገን ናቸው። ሾጣጣ የሆኑት 6 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ በደማቅ ብርሃን ቀለም ለመለየትና ረቂቅ ጽሕፈት ለማንበብ ያገለግላሉ። እንደ ዘንግ የረዘሙት እጅግ ይበዛሉ፤ ሥራቸውም በደብዛዛ ብርሃን ማየትና በጎንና በጎን ያለውን ማስታወቅ ነው።

በዘንግ መሰሎቹ ሕዋሳት ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ሐምራዊ ቀለም አለ። ብርሃን ባረፈበት ጊዜ ቀለሙ ይለቃል፤ እንደገና ለማየትም እንደገና መሠራት አለበት። ይህም ቀለም የሚሠራው ቫይታሚን ኤ ከሚባለው፥ ከምግብ ከሚገኘው ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፥ ዓ.ም. የሚል ከሌለባቸው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ቫይታሚን ኤ በሬቲና ውስጥ እንደሚገኝ በ1933 ያስታወቀው ጆርጅ ዋልድ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ ነው፤ ዓይን እንዴት እንደሚያይ በመመርመሩም በ1967 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ነገሩን በኩራዝ መመሰል ይቻላል። ኩራዝ እንዲበራ ጋዝ ያስፈልገዋል፤ ጋዙን የሚሞላ እጅ ያስፈልገዋል፤ ክርም ያስፈልገዋል። ከ3ቱ አንዱ ቢጐድል ቤቱ ይጨልማል። ቫይታሚን ኤ እንደ ጋዙ ነው። ቫይታሚን ኤን ለቀለሙ እንዲስማማ አድርጎ የሚያዘጋጀው የሬቲና ሥራ ጋዙን እንደሚሞላው እጅ ነው። ዘንግ መሰሎቹ ሕዋሳት ራሳቸው እንደ ክሩ ናቸው። የሁለቱ ዳፍንቶች ልዩነት በዚህ ምሳሌ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ዳፍንት፤ ጋዙ ሲያልቅ

ከምግብ ጉድለት የሚመጣው ዳፍንት ይበልጡን 5 ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ይይዛል፤ ነገር ግን ከዚያ በላይ ያሉትን ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶችንም ያገኛል። ምግብ በሚያጥርበት ወራት፥ እንዲሁም ከኩፍኝና ከረጅም ተቅማጥ በኋላ ይበዛል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሕመሞች በሰውነት የተከማቸውን ቫይታሚን ኤ ይጨርሱታል። አስቀድሞ ልጁ በማታ ማየት ይሳነዋል። ቀጥሎ የዓይኑ ነጭ ይደርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም በነጩ ላይ የሳሙና አረፋ የሚመስል ምልክት ይታያል። ይህ ሁሉ ሳይታከም ቢቆይ በብሌኑ ፊት ያለው ጥሩ ሽፋን ይቈስላል፥ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ የጠፋው ዓይን አይመለስም። ከዚህም በላይ ቫይታሚን ኤ የጐደለው ሕፃን ሕመምን የመቋቋም ኀይሉ ስለሚደክም፥ በኩፍኝና በተቅማጥ የመሞቱ አደጋ ይበዛል። ስለዚህ የሕፃን ዳፍንት የዓይን ነገር ብቻ አይደለም፤ የሕይወትም ማስጠንቀቂያ ነው።

መድኃኒቱ ግን ቅርብ ነው። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ሐኪሙ በዕድሜው ልክ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀን ውስጥ በማታ ማየት ይጀምራል። ሕመሙ እንዳይመጣም በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት 100,000፥ ከ12 እስከ 59 ወር ላሉት ደግሞ 200,000 ዓለም አቀፍ መለኪያ የሆነ ቫይታሚን ኤ በየ6 ወሩ ይታደላል። ይህን መድኃኒት ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ አብዝቶ መውሰድ ይጐዳል፤ ይልቁንም ለነፍሰ ጡር ሴት ብዙው መጠን በፅንሱ ላይ ጉዳት ስለሚያመጣ ያለ ሐኪም ከቶ አይሰጥም።

ቫይታሚን ኤ በጉበት፥ በእንቁላል አስኳል፥ በወተትና በቅቤ ይገኛል። የጥንት ግብጻውያን ሐኪሞች እንኳ ጉበትን ለዓይን ሕመም ያዝዙ እንደ ነበር በጽሕፈታቸው ተገኝቷል። እንዲሁም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር በጎመን፥ በካሮት፥ በዱባ፥ በማንጎ፥ በፓፓያና ውስጡ ቢጫ በሆነው ስኳር ድንች አለ። በመቂና በባቱ አጠገብ በመስኖ የሚለማው ፓፓያና አትክልት በየቀኑ ወደ ከተሞች ተጭኖ ይሄዳል። ከአትክልቱ ለሽያጭ የማይበቃውን ትንሹን እንኳ ለልጆች ማስቀረት ዓይናቸውን መጠበቅ ነው። በጾም ወራት ቅቤና እንቁላል በማይበላበት ቤት ጎመንና ካሮት በጥቂት ዘይት ቢሠሩ መልካም ነው፤ ቅባት ከሌለበት ሰውነት ከአትክልቱ በቂ ቫይታሚን አይወስድምና።

ሁለተኛው ዳፍንት፤ ከዘር የሚወረሰው

ሁለተኛው ዳፍንት በምግብ ጉድለት አይመጣም። በሀብታም ቤትና በድኻ ቤት፥ በደጋና በቆላ፥ በሁሉም አገር ይገኛል። ሊቃውንት ይህን ለይተው ማወቅ የጀመሩት ሄርማን ሄልምሆልትስ የተባለ የጀርመን ሊቅ በሕይወት ያለ ሰው ሬቲና የሚታይበትን መሣሪያ በ1851 ለዓለም ካስታወቀ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቴዎዶር ሌበር የተባለ ሌላ የጀርመን ሐኪም፥ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ብርሃናቸውን የሚያጡበትን የሬቲና ሕመም በ1869 ጻፈ፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በጉልምስና በዳፍንት ይጀምርና ከዓመት ወደ ዓመት የጎኑን እይታ እያጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሕመምተኛው በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። በዚህ ሕመም የሚቃጠለው ክሩ ራሱ ነው፤ ዘንግ መሰሎቹ ሕዋሳት ጥቂት በጥቂት ይሞታሉ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የዘረ መል ብልሽት ነው። ዘረ መል ማለት ሰውነት እንዴት እንዲሠራ የሚያዝዝ፥ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የተጻፈ ረቂቅ ትእዛዝ ነው። ሰው ትእዛዙን ሁሉ ይበልጡን በሁለት ቅጂ ይወርሳል፤ አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስለሚሠራለት ሰውዬው ደኅና ሆኖ ይኖራል፤ ብልሽቱን መሸከሙንም አያውቅም። ነገር ግን ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ቢጋቡ፥ ከሚወልዱት ልጅ እያንዳንዱ ሁለቱን የተበላሹ ቅጂዎች ለመውረስ ያለው ዕድል ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ ደኅና ከሆኑ አባትና እናት የታመመ ልጅ ይወለዳል። ሌላም መንገድ አለ፤ አንዳንዱ ዓይነት ከታመመ ወላጅ በቀጥታ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ከእናት ወደ ወንዶች ልጆች ይተላለፋል። የሬቲና ሕመም ሊያመጡ የሚችሉ ከ250 የሚበልጡ ዘረ መሎች ታውቀዋል።

ሥጋ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ብልሽት ከአንድ አያት ሊወርሱ ስለሚችሉ፥ እርስ በርሳቸው ቢጋቡ እንደዚህ ያለው ሕመም በልጆቻቸው ይበዛል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት እስከ 7 ትውልድ ቈጥሮ ዘመድን ከዘመድ አለማጋባት፥ እንዲሁም በኦሮሞ ሕዝብ በጥንቱ ልማድ በጎሣ ውስጥ አለመጋባት፥ በዚህ በኩል ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች አንድ ዓይነት ብልሽት ተሸክመው በአጋጣሚ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ የተወለደላቸውን ወላጆች መውቀስ አይገባም። ሕመሙ ርግማንም የሰው ዓይንም አይደለም፤ ጥፋቱም በእናት ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም፤ አባትም እኩል የሚያወርሰው ነውና።

ስለ አዲሱ ሕክምና

በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ለዚህ ለሁለተኛው ዳፍንት ሕክምና አልተገኘለትም ነበር። ከብዙዎቹ ዓይነቶች ለአንዱ ግን በዚህ ዘመን ሕክምና ተገኘ። ይህም አር.ፒ.ኢ. 65 ከሚባለው ዘረ መል ብልሽት የሚመጣው ነው። ይህ ዘረ መል ቫይታሚን ኤን ለዓይን ቀለም በሚስማማ መልክ የሚያዘጋጀውን ሥራ ያዝዛል። በኩራዙ ምሳሌ፥ ጋዙ በቤት ሞልቶ ሳለ የሚሞላው እጅ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ጉበትና ካሮት ቢጨመርለት አይጠቅመውም። ነገር ግን ክሩ በልጅነት ገና ፈጽሞ አልተቃጠለምና፥ እጁ ቢመለስለት መብራቱ ሊበራ ይችላል።

ሊቃውንቱ መጀመሪያ የሞከሩት በውሾች ነው። ብሪያር ከሚባለው የፈረንሳይ ዘር ውሾች መካከል ይህንኑ ብልሽት ይዘው የሚወለዱ ነበሩ። ታክመው ማየት እንደ ጀመሩ በ2001 ተጻፈ። በ2007 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማና በእንግሊዝ አገር በሎንዶን በሰው ላይ መሞከር ተጀመረ። በፊላዴልፊያ ሥራውን ከመሩት መካከል ባልና ሚስት የሆኑት ሐኪሞች አልበርት ማጓየርና ጂን ቤኔት ይገኛሉ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ቫይረስ ከሚባሉት ረቂቃን ፍጥረታት ሰውን የማያሳምም አንዱ ይወሰዳል፤ የራሱ ትእዛዝ ይወጣለትና በምትኩ ደኅናው ዘረ መል ይጫንበታል፤ እንደ ጭነት በቅሎ ሆኖ ወደ ሕዋሳቱ ያደርሰዋል። ልጁ በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሐኪሙ እጅግ በቀጠነ መርፌ ከ10 ጠብታ የማይሞላ ፈሳሽ ከሬቲናው በታች ያፈስሳል። ሁለተኛው ዓይን ቢያንስ ከ6 ቀን በኋላ ይታከማል። ጥቅሙን ለመመርመር ቀስቶች የተሣሉበትና መሰናክል የተቀመጠበት መንገድ ተዘጋጅቶ፥ ታካሚዎቹ ብርሃኑ እየተቀነሰ እንዲሄዱበት ተደረገ። በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፥ ከታከሙት ከ20ዎቹ 13ቱ ከአንድ ትንሽ የመኝታ ቤት መብራት በማይበልጥ ብርሃን መንገዱን አልፈው ሄዱ፤ ካልታከሙት ግን ይህን ያደረገ አንድም አልተገኘም።

በዚሁ ውጤት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሉክስተርና የተባለውን መድኃኒት ታኅሣሥ 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ፈቀደ። ይህም በዘር ለሚወረስ የዓይን ሕመም በዚያ አገር የተፈቀደ የመጀመሪያው የዘረ መል ሕክምና ነው። ዋጋው ሲወጣ ለሁለቱ ዓይን 850,000 ዶላር ነበር፤ ይህም በመቂ ወይም በአርሲ ነገሌ መንደር ላለ ገበሬ ከማሰብ በላይ ነው። ደግሞም ሕክምናው የሚረዳው ይህ አንዱ ዘረ መል የተበላሸበትን ብቻ ነው፤ እይታን ያሻሽላል እንጂ እንደ ደኅና ሰው ዓይን አያደርግም፤ ሕዋሳቱ ከሞቱ በኋላም አይሠራም። ነገር ግን ከዚህ አንድ ትልቅ ምክር ይገኛል፤ ይኸውም በጊዜው መመርመር ነው። ሕመሙ ከየትኛው ዘረ መል እንደ መጣ ሳይታወቅ ምንም ሕክምና አይታሰብም፤ ለሌሎቹም ዓይነቶች በየአገሩ ምርምር ይደረጋል።

መምህርና ወላጅ ሊያደርጉት የሚገባ

መምህር ሐኪም አይደለም፤ ሆኖም ለማስተዋል ከሐኪም ይልቅ ቅርብ ነው። በደመና ቀን ወይም በጨለመ ክፍል የሚደናበር፥ ከጎኑ የመጣውን የማያይ፥ የዓይኑ ብሌን ሳያቋርጥ የሚዋልል፥ ዓይኑን በጡጫው ደጋግሞ የሚጫን ልጅ ቢያይ ለወላጆቹ ይንገር። ወላጆቹንም እነዚህን ይጠይቅ፤ ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከኩፍኝ ወይም ከተቅማጥ በኋላ ነውን? ከወንድሞቹ፥ ከእኅቶቹ ወይም ከአጎቶቹ እንዲህ ያለ አለን? በቅርብ የጀመረው ብዙ ጊዜ የምግቡ ነው፤ ከሕፃንነት ጀምሮ የኖረውና በዘመድም የሚገኘው ብዙ ጊዜ የዘሩ ነው። ይሁን እንጂ እውነተኛውን የሚለየው ሐኪም ነውና ሁለቱም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ቫይታሚን ኤ ተሰጥቶት ያልተሻለው ልጅ ከጤና ጣቢያው በሚጻፍለት ደብዳቤ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ወይም ወደ ቅርቡ ሆስፒታል፥ ካስፈለገም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ አዲስ አበባ፥ የዓይን ሕክምና ወደሚሰጥበት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሂድ። ቅጠል ጨምቆ ወይም ሌላ ነገር በጥብጦ በዓይን ውስጥ መጨመር ግን ደኅናውን የዓይን ሽፋን ሊያቈስል ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

በሁለተኛው ዳፍንት የተያዘ ልጅ ሕክምናው ባይደርስለትም ትምህርቱ ሊቀርበት አይገባም። በመስኮት አጠገብ፥ ወደ ፊት ይቀመጥ። መምህሩ የሚጽፈውን በቃሉም ይናገርለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ይሰናበት፤ በመንገድም ጓደኛ ይሰጠው፤ በማታ ወደ ሥራ አይላክ። እይታው እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ገና እያየ ሳለ በጣት የሚዳሰሰውን የብሬይል ጽሕፈት ቢጀምር ይሻለዋል። ለዓይነ ስውራን ልጆች በሻሸመኔና በሰበታ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። በ5 ዓመት ዕድሜያቸው ዓይናቸው የጠፋው ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ የመጀመሪያውን የ6 ዓመት ትምህርት የተማሩት በሻሸመኔው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ በኋላም ሕግ ተምረው ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሥራታቸው በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ወላጆች ልጃቸውን በጓዳ ከመሸሸግ ይልቅ ይህን ቢያስቡ፥ የልጁን ዓይን መመለስ ባይችሉ ዕድሉን ሊመልሱለት ይችላሉ።

ጥያቄዎች

1. ዳፍንት ምንድን ነው? ስንት ዓይነትስ ነው?
2. በኩራዙ ምሳሌ ጋዙ፥ የሚሞላው እጅና ክሩ ምን ምንን ያመለክታሉ?
3. በመንደርህ ከሚገኙት ምግቦች ቫይታሚን ኤ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው?
4. ደኅና ከሆኑ አባትና እናት የታመመ ልጅ እንዴት ሊወለድ ይችላል?
5. በክፍልህ በማታ የማያይ ጓደኛ ቢኖር ምን ታደርግለታለህ?